የ11 ዓመት ውሻ ወደ ቤቴ ላምጣ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 54 ዓመቴ ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሳምንት አራት ሌሊት እሠራለሁ። ልጄ ኮሌጅ ገብቶ ከቤት ወጥቷል። አሁን ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው፤ አፓርታማችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም።

በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ድመት ልትወስድ ወደ እንስሳት መጠለያ ስትሄድ ተከትያት ሄድኩ። እዚያ አንድ ውሻ አየሁ። ቢግል የሚባለው ዝርያ ክልስ ነው፣ 11 ዓመቱ ነው አሉኝ። አፉ ዙሪያውን ሸብቷል። ባለቤቱ አዛውንት ነበሩ፤ ነርሲንግ ሆም ሲገቡ እሱን የሚወስድ ሰው ጠፋ። ሌሎቹ ውሾች ሁሉ ይጮኻሉ። እሱ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ እጄን አሸተተኝ፣ ተመልሶ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣም።

እናቴ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ዛሬ እሱን አስገቢና ነገ የምታመጪውን እናያለን» ብላ አይሆንም አለች። እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ስንት የሚበላው ያጣ ሰው እያለ!» አለችኝ። ሦስተኛው ጭንቀት የራሴ ነው። ባለቤቴን የቀበርኩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ቢበዛ ሁለት ዓመት ኖሮ ለሚሞት ውሻ እንደገና ማልቀስ እችላለሁ ወይ? ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ

እህቴ፣ የዘረዘርሻቸው ሦስቱም መላ አላቸው። እኔን ያሳሰበኝ ያልጻፍሽው አራተኛው ነው። በሳምንት አራት ሌሊት ቤት አታድሪም። ያረጀ ውሻ ደግሞ ሽንቱን እስከ ንጋት መያዝ ሊያቅተው ይችላል። ማክሰኞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በሩን መቧጨር ሲጀምር ማን ነው ይዞት የሚወርደው? እናትሽ ናቸው? በዚያ ደረጃ? በጥር በረዶ?

ሰው ያረጀ ውሻ ለመውሰድ ሲያስብ ቶሎ የሚታየው የሚሞትበት ቀን ነው። አንቺም የጠየቅሽኝ እሱን ነው። እኔ ግን ውሳኔሽን በዚያ ቀን ላይ አትመሥርቺ ባይ ነኝ። እሱ አንድ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ተራ ማክሰኞዎች አሉ። ለማክሰኞ ሌሊት መልስ ካለሽ ውሰጂው። ከሌለሽ ግን ምንም ያህል ብትወጂው መልሱ እስኪገኝ ጠብቂ።

እስቲ አብረን እናስላው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ልትወጪ ስትይ ታወርጂዋለሽ እንበል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትመለሻለሽ። መሀሉ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ጤነኛ ሽማግሌ ውሻ ይህን ሊችለው ይችላል። ኩላሊቱ የደከመ ወይም ስኳር ያለበት ግን ውኃ አብዝቶ ስለሚጠጣ አይችልም። ለዚህ ነው ከመውሰድሽ በፊት የደምና የሽንት ምርመራ ውጤቱን ማየት ያለብሽ። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ የሽንት ፓድ ማንጠፍ ይቻላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሣር ላይ የለመደ ውሻ ግን ወዲያው እሺ አይልም። ሌላው መንገድ ሰው ነው። ሕንፃው ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያመሽ ጎረምሳ አይጠፋም። ትንሽ ገንዘብ እየሰጠሽው አንዴ ያውርድልሽ።

ደረጃውም አለ። ቢግል 30 ፓውንድ ሊደርስ ይችላል። ከሱቅ የምታመጪው ትልቁ የጤፍ ዱቄት ከረጢት 25 ፓውንድ ነው። እሱን ሦስተኛ ፎቅ ስታደርሺ ትንፋሽሽ የት እንደሚደርስ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከረጢቱ ደግሞ አይወራጭም። ዛሬ በእግሩ ቢወጣም የዛሬ ዓመት ላይወጣ ይችላል። ከላይ እጀታ ያለው ደረት ማሰሪያ ይሸጣል፤ ደረጃ ላይ የኋላውን ደገፍ አድርገሽ ታወጪዋለሽ። የራስሽን ወገብ ግን አትርሺ። ሥራሽም ሰው ማንሳት ነው።

አሁን ስለ ውሻው። 11 ዓመት ለቢግል ሽምግልና ነው እንጂ የአልጋ ቁራኛነት አይደለም። ግዙፍ ዝርያዎች በሰባት በስምንት ዓመታቸው ያረጃሉ፤ ቢግል ግን ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። ስለዚህ «ቢበዛ ሁለት ዓመት» ያልሽው አራት ሊሆን ይችላል። አራት ወርም ሊሆን ይችላል። መጠለያ ውስጥ የብዙ ውሾች ዕድሜ በጥርስና በዓይን የተገመተ ነው። የዚህኛው ባለቤት ይታወቃሉ፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። የድሮ ሐኪሙ መዝገብ እንዳለ ጠይቂ።

ሌሎቹ ሲጮኹ እሱ ዝም ማለቱ ልብሽን ነክቶታል። ጨዋ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ስለማይሰማም ሊሆን ይችላል። ከኋላው ሆነሽ አንዴ አጨብጭቢና ጆሮውን እዪ። ባይሰማም ምንም አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሚለወጠው ጥቂት ነገር ነው። ተኝቶ ሳለ በድንገት አትንኪው። ወለሉን በእግርሽ መታ መታ አድርጊ፣ ንዝረቱ ይነግረዋል። ከዚያ እጅሽን አፍንጫው ፊት ያዥለትና ራሱ ይንቃ። ደንግጦ የሚናከስ ሽማግሌ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ስላልሰማ ነው። ዓይኑ ላይ ሰማያዊ ዳመና የመሰለ ነገር ካየሽም ታውሯል ብለሽ አትደንግጪ። የዓይን ሌንስ በዕድሜ ሲጠጥር የሚመጣ ነው፤ ብዙዎቹ ያዩበታል። የዓይን ሞራ ሌላ ነው፤ ሐኪም ይለየዋል።

መገጣጠሚያው ያመዋል ብለሽ ብትነሺ አትሳሳቺም። ከተኛበት ሲነሳ እዪው። መጀመሪያ የፊቱን ያነሳል፣ ከዚያ ቆም ይላል፣ የኋላ እግሩ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይሞክራል። የአፓርታማሽ ወለል የሚያንሸራትት ላሚኔት ከሆነ ይህ በየቀኑ የሚያየው መከራ ነው። ርካሽ ምንጣፍ ወይም የዮጋ ምንጣፍ ከመኝታው እስከ ውኃው፣ ከውኃው እስከ በሩ አንጥፊለት። ጥፍሩን ቶሎ ቶሎ አስቆርጪ። ይህን ብቻ ስታደርጊ ሁለት ዓመት ያነሰ ይመስላል። መድኃኒትም አለ። ለውሻ የሚታዘዙ የሕመም ማስታገሻዎች አሉ፤ በ2023 ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) የፈቀደው ሊብሬላ የሚባል በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌም አለ። ሊብሬላ ብዙዎችን ጠቅሟል፤ ከባድ ጉዳት የታየባቸው ውሾችም ስላሉ ኤፍዲኤ በኋላ ሐኪሞችን አስጠንቅቋል። ሐኪሙን ሁለቱንም ጠይቂው። አንድ ነገር ግን አደራ። ቦርሳሽ ውስጥ ያለውን አድቪልና ታይለኖል እንዳትሰጪው። ለሰው ሲታዘዝ ስታዪ የዋልሽው መድኃኒት ለውሻ መርዝ ነው።

አንዳንዱ ውሻ ሲያረጅ ይዘነጋል። ሌሊት ይንጎራደዳል፣ ግድግዳ ላይ ያፈጣል፣ ጥግ ገብቶ መውጫው ይጠፋበታል። ለሌላ ሰው ይህን ብጽፍ ሁለት አንቀጽ ይፈጅብኝ ነበር። አንቺ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ግራ የሚጋቡ አዛውንቶችን በየሌሊቱ ታረጋጊያለሽ። ትንሽ መብራት ማብራት፣ ዕቃ ከቦታው አለማንቀሳቀስ፣ ሰዓት አለማዛነፍ ለውሻም ይሠራል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከሥራ ገብተሽ በዕረፍት ሌሊትሽም ይህንኑ መድገም ትፈልጊያለሽ ወይ? መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ ንገሪው።

ስለ ገንዘብ አጠር ላድርገው። ብዙ መጠለያዎች ላረጀ ውሻ የሚያስከፍሉት ትንሽ ነው፤ አንዳንዶቹ ዕድሜው ለገፋ ሰው ጭራሽ አያስከፍሉም። ውድ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የጥርስ እጥበት ሰመመን ስለሚያስፈልገው ከአንድ ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። የውሻ ኢንሹራንስ ቀድሞ የነበረ በሽታን አይሸፍንም፤ ስለዚህ ብዙም አትተማመኝበት። በወር ይህን ያህል፣ ለድንገተኛ ይህን ያህል ብለሽ ጣራ ቁረጪ። ሐኪም ቤት እንባ እየወረደሽ ጣራ አይቆረጥም።

ወጪውን ብቻሽን የማትሸከሚበት መንገድም አለ። ቴነሲ ውስጥ፣ ማውንት ጁልዬት፣ ኦልድ ፍሬንድስ የሚባል የሽማግሌ ውሾች ማረፊያ አለ። ብዙዎቹን ውሾች በአካባቢው ሰዎች ቤት እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ያኖራሉ፤ ሕክምናውን የሚችለው ድርጅቱ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው መትቪል ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ያረጁ ውሾችን ብቻ እየተቀበለ ቤት ይፈልግላቸዋል። አንቺ ያለሽው ሜሪላንድ ነው፣ እነሱ ሩቅ ናቸው። አሠራሩ ግን በብዙ ቦታ ተለምዷል። መጠለያውን «ሆስፒስ ፎስተር አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ካላቸው ውሻው እስኪሞት አንቺ ጋ ይኖራል፣ ሐኪሙ በእነሱ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ጉዳዩን የሚወስነው ከውሻው ዕድሜ ይልቅ እሳቸው ናቸው፤ ብዙውን ሰዓት አብረውት የሚውሉትም እሳቸው ናቸው። ስለ ጅቡ የተናገሩት አሥቆኛል፤ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። እሳቸው ባደጉበት አገር ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ሳሎን አይገባም። ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይፈታል፣ ትራፊ ይጣልለታል። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ፓስተር ኢንስቲትዩት ሄዶ ስንት ቀን በየዕለቱ ሆዱ ላይ መርፌ ሲወጋ ያየ ትውልድ ነው። ይህን ፍርሃት «እዚህ አሜሪካ ነው» በሚል አንድ ቃል አታጠፊውም። የክትባት ወረቀቱን አሳያቸው። ወደ አማርኛ እየተረጎምሽ አንብቢላቸው።

የሃይማኖቱን ነገር ክርክር አታድርጊው። ከፈለጉ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። አንቺ ግን ቡና ላይ ጨዋታ ሲመጣ መጽሐፈ ጦቢትን ማንሳት ትችያለሽ። ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ያን ሩቅ መንገድ ሲሄድ ውሻው ተከትሏቸዋል። ጳጉሜን 3 ዝናብ ሲጥል ልጆቻቸውን ወደ ደጅ ያስወጡ እናት ሩፋኤልን በደንብ ያውቁታል። ውሻውን ግን ልብ ላይሉት ይችላሉ።

ከዚያ ድንበር አስምሪ። ሥዕለ አድኅኖው ያለበት ክፍል አይገባም። መኝታ ቤታቸው አይገባም፤ የሕፃናት መከላከያ በር በርካሽ ይገኛል። ውዳሴ ማርያማቸውን ሲደግሙ እሱ ኮሪደር ይተኛል። ይህን አንቺ ቀድመሽ አቅርቢላቸው፤ እሳቸው ለምነው እንዲያገኙት አታድርጊ። አንድ የምር አደጋም አለ። አዛውንት ሰው በውሻ ተሰናክሎ ይወድቃል። አንገቱ ላይ ትንሽ ቃጭል እሰሪ፣ ኮሪደሩ ላይ የሌሊት መብራት ሰኪ።

ደግሞ መጠለያ ወስደሽ አሳያቸው። ሳታሳያቸው አምጥተሽ ሳሎን እንዳታቆሚባቸው። ገብተው ዓይተው «ምስኪን» ካሉ ግማሹ አልቋል። ስሙን ግን አስጠብቂ። 11 ዓመት ሲጠራበት የኖረውን ትተው በሳምንቱ «ቡቺ» ማለታቸው አይቀርም።

ማዕድ ቤታችሁ ላይ ጠንከር ልበል። እኛ ቤት ወጥ ማለት ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ስለዚህ ቁሌት የነካው እንጀራ አይሰጠውም፤ በበርበሬው ምክንያት ብቻ አይደለም። የዶሮ ወጥ አጥንትም ሲበስል ተሰንጥሮ ሆድ ይወጋል። ይህን ለእንግዶችሽ ሁሉ መንገር አለብሽ፤ የፋሲካ ዕለት አንጀቱ የማይራራ የአበሻ እንግዳ የለም። ዘቢብ፣ ወይን፣ ቸኮሌት፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ ከእሱ ይራቅ። ቡና ስታፈሉ ረከቦቱ መሬት ላይ ነው፣ ከሰሉም እዚያው ነው፣ እሱም እዚያው ነው። ዕጣን ሲጨስ መስኮት ክፈቱ፤ አፍንጫው እንደ እኛ አይደለም። ጨውም ቅቤም የሌለበት ፈንድሻ አንዳንድ ፍሬ ቢያገኝ ግን አይጎዳም። እናትሽን የሚያለምዳቸውም ይህ ይመስለኛል። በጾም ወራት የእሱ ምግብ ከናንተ ተለይቶ ይቀመጥ። የራሱ ማንኪያ፣ የራሱ ሳህን፣ ከቻልሽ የራሱ መደርደሪያ። እናትሽ ይህን ሲያዩ ይረጋሉ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አትፍረጂበት። ቀኑን ሙሉ ሊተኛ፣ ላይበላ፣ ምንጣፍ ላይ ሊሸና ይችላል። መጠለያ የሚሠሩ ሰዎች ሦስት ቀን ድንጋጤ፣ ሦስት ሳምንት መልመድ፣ ሦስት ወር ቤቴ ማለት ይላሉ። በልክ ባይሆንም ጥሩ ግምት ነው። ይህ ውሻ 11 ዓመት አብሮት የኖረውን ሰው አጥቷል። እሱም ሐዘን ላይ ነው።

እህትሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። ለእሷ የምትልኪው ገንዘብ ከቀነሰ የመቆጣት መብት አላት። ካልቀነሰ የውሻው ወጪ የእሷ ጉዳይ አይደለም። «ስንት ሰው እያለ» የሚለው ነገር ሶፋ ስትገዢ አልተነሳብሽም።

ወደ ፈራሽው ነገር እንግባ። ታለቅሺለታለሽ፣ አዎ። ባልሽን ያለቀስሽበት ሐዘን እንዳይመስልሽ፤ ግን ያንን የሚቀሰቅስበት ቀን ይኖራል። ሊከብድሽ የሚችለው ደግሞ ብቸኝነቱ ነው። ለባልሽ ሰው መጥቷል፣ ዕድር ተንቀሳቅሷል፣ ምግብ ይዘው ተቀምጠውልሻል። ለውሻ ለቅሶ የሚደርስ የለም። በማግሥቱ ሌሊት ሥራ ትገቢያለሽ። ስለዚህ ከአሁኑ አንድ ሰው ምረጪ። «ይሄ ውሻ ሲሞት ደውዬ አለቅስብሻለሁ፣ አትሥቂብኝ» ብለሽ ንገሪያት። ያቺ ድመት የወሰደችው ልጅ የምትሆን ይመስለኛል።

መቼ እንደሚበቃው እንዴት ታውቂያለሽ? አሊስ ቪላሎቦስ የተባሉ የእንስሳት ሐኪም ያወጡት መለኪያ አለ። ሕመሙን፣ መብላቱን፣ መጠጣቱን፣ ንጽሕናውን፣ ደስታውን፣ መንቀሳቀሱን፣ ከመጥፎ ቀን ጥሩው መብዛቱን ከ0 እስከ 10 ትሰጫለሽ። ድምሩ ቢበዛ 70 ነው፤ ከ35 በላይ ከሆነ ኑሮው ገና ኑሮ ነው። እኔ የምወደው ከዚህም የቀለለውን ነው። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ተጠቀሚ። መጥፎ ቀን ሲውል ነጥብ አድርጊ። ነጥቦቹ ከባዶዎቹ ሲበዙ ለሐኪሙ ደውዪ። ዓይኑን እያየሽ ብቻ ከወሰንሽ ሁልጊዜ «ነገ ይሻለዋል» ትያለሽ።

ቤት ድረስ የሚመጡ ሐኪሞች አሉ። መጀመሪያ የሚያስተኛ መርፌ ይሰጡታል። እንቅልፍ ሲወስደው ሁለተኛው ይከተላል፤ ከመጠን ያለፈ ሰመመን ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ልቡ ይቆማል። ዓይኑ ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከሞተ በኋላ አንዴ ሊተነፍስ ወይም ጡንቻው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ቀድሞ ያልነገሩት ሰው ነው በዚህ የሚደነግጠው። እናትሽ «ነፍስ ማጥፋት ነው» ሊሉ ይችላሉ። እኔ በዚህ ከእሳቸው ጋር አልስማማም፤ መቆም አቅቶት እያቃሰተ ያለን እንስሳ ማሳረፍ ምሕረት ነው ብዬ አምናለሁ። ግን በዚያ ሰዓት የሚጀመር ክርክር አይደለም። ውሻው ከመግባቱ በፊት ተነጋገሩበት። እሳቸው ያን ዕለት ዘመድ ቤት መዋል ከፈለጉም መብታቸው ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምታደርጊው ይህ ነው። ዛሬ የኪራይ ውልሽን አውጪና ስለ እንስሳ የሚለውን አንብቢ፤ የክብደት ገደብ፣ ተቀማጭ፣ በየወሩ የሚጨመር ክፍያ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ያን ጎረምሳ አነጋግሪ። የሌሊቱ ነገር ከተቆረጠ መጠለያው ደውዪና የደም ምርመራውን፣ የድሮ ሐኪሙን መዝገብና ለሁለት ሳምንት በፎስተር (በጊዜያዊ አሳዳሪ) ስም መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። እናትሽ ለሁለት ሳምንት እሺ ማለት ለሁልጊዜ እሺ ከማለት ይቀልላቸዋል። እስከዚያ ውሻው ሌላ ቤት ካገኘ አትዘኚ፤ እዚያው መጠለያ ማንም ቆሞ የማያየው ሌላ ሽማግሌ ይኖራል፣ ምናልባትም ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት የሚቀለው።